የምርና የወግ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ ግን ያን ቀን ጠዋት የራሴን ጉድ በገዛ ጆሮዬ፣ ያውም ከፊቴ ከቆመች ሴት አፍ ሰማሁት። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ገብቷል ተብሎ ገና ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ ተሰልፈናል። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ብርድ ላላየ ሰው ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። ሴትዮዋ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ለጎረቤቷ፣ «ሰማሽ ወይ፣ ቅየሳ ኮሌጅ የተማሪውን ብርድ ልብስ ሙልጭ አድርጎ የወሰደው ሌባ ተያዘ። ቆለኛ ነው አሉ፣ የአሊዩ አምባ ልጅ። ዛሬ ከምሳ በኋላ አዳራሽ ያቆሙታል» አለች። ሌላዋም ተቀብላ፣ «በዚህ ብርድ! ልቡ የጅብ ነው እንጂ የሰው አይደለም» አለች። «ያባርሩታል እንግዲህ። ከተባረረ ደግሞ አፈሳው መች ይምረዋል።» ሌባ የተባለው ታናሽ ወንድሜ ዘይኑልአቢዲን ነው። በእጄ የያዝኩትን ባዶ ቆርቆሮ አናቷ ላይ ባሳርፈው ወላሂ ደስ ባለኝ። ተራዬ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ወረፋውን ጥዬ ወጣሁ። ስኳሩን ማን አስታወሰው!

ከኮሌጁ «ቤተሰብ ይቅረብ» የሚል መልእክት ከደረሰኝ ሰንብቷል። ለአባቴም በአንኮበር መኪና ሰው ልኬበታለሁ። ልጁ ምን አጠፋ ብዬ ብጠይቅ ግን፣ የጥበቃው ሰውዬ «ከባድ ነገር ነው» ከማለት በቀር አልነገረኝም። አሁን ስሙ ወጣለት፤ ስርቆት። ስርቆት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በዚያ ዘመን ከትምህርት ገበታ የወጣ ጎረምሳ ማለት ወደ ሰሜን በሚሄደው መኪና ላይ የሚጫን ጎረምሳ ማለት ነው። መንገድ ላይ ሲያዝ መታወቂያ ይጠየቃል፤ የተማሪ መታወቂያ ካለው ይለቀቃል፣ ከሌለው በዚያው ይሄዳል። ዘይኑ ደግሞ የምግብ ቤት ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ ጥግ የሚገባ ልጅ ነው። ይህን ልጅ መድፍ ባለበት ሲያስቀምጡት አስቡት!

ቤቴ ስደርስ አባቴ ዓብዱ ከደጄ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ከአሊዩ አምባ አንኮበር ድረስ ዳገቱን በበቅሎ ወጥቶ፣ እዚያ አድሮ፣ በማለዳ የጭነት መኪና ነው የመጣው። ትልቅ ነጭ ቡልኮ ደርቧል፤ ከጎኑ ብርቱካን የሞላ ከረጢት አለ። «ደህና ነሽ?» «አልሃምዱሊላህ አባዬ፣ እናንተስ?» «አልሃምዱሊላህ። ባልሽስ?» «ጭነት ይዞ አሰብ መንገድ ላይ ነው።» «አላህ በሰላም ይመልሰው።» «አሚን።» ከዚህ በኋላ ወሬያችን አለቀ። እኔና አባቴ ሰላምታ እንጂ ወሬ አናውቅም። ቤቴ አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋ፣ የላምባ ምድጃ፣ መናኸሪያ ወስጄ የምሸጥበት የሻይ ፔርሙዝ፣ ሌላ የለም። እሱ ቆጥ ላይ እንደወጣ ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጣራዬን ሲያይ፣ እኔ ሻይ አፈላሁ። ስኳር እንዳልገዛሁ ትዝ ያለኝ ብርጭቆውን ካቀበልኩት በኋላ ነው። ፉት አለና፣ «ጣፋጭ ነው፣ እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ቅጠሉ አፉን ሲያጨማድደው አየሁ። ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ልጁን ይዤው እወርዳለሁ» አለ።

«አባዬ፣ ከወረደ ያፍሱታል።»

«ከሱቄ ጓሮ፣ ከጥጡ ክምር ኋላ እደብቀዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

ከረጢቱን ስቦ ብርቱካኑን ይቆጥር ጀመር። ዘይኑን በልጅነቱ ጂን ነክቶታል ብለው ያልወሰዱበት ሼህ የለም። አባቴ ያኔም እንዲህ ነበር፤ በበቅሎ ይወስደዋል፣ ሳይናገር ይመልሰዋል። ልጁ ሰው ዓይን አያይም፤ ሲስሙት ይደርቃል። የባሰው ጣጣ ግን ሰው ያለውን ቃል እንዳለ መውሰዱ ነው። እኛ አገር ሰው ያለውን ቃል እንዳለ ከወሰድክማ አለቀልህ! ጎረቤት ማዕድ ላይ ሆኖ «እንብላ» ካለው እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። «እንዴት አደርክ?» ያለውን ሰው አቁሞ አዳሩን ከነቁንጫው ይተርክለታል። አንዱ ሊወጣ ሲል «መጣሁ» ካለ፣ «አልመጣህም፣ እየሄድክ ነው» ይለዋል። ሰፈሩ ሲስቅበት አባቴ አንገቱን ይደፋል። ይኸው ልጅ ነው ማትሪክ ሲፈተን ከወረዳው ማንም ያላመጣውን ነጥብ አምጥቶ እዚህ ኮሌጅ የገባው፣ ግቢ ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋር ያደረው። እኔ ያኔ ሳምንት አይቆይም ብዬ ነበር። ሁለተኛ ዓመቱን ጀመረ።

ከምሳ በፊት አባቴን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ የተቀበለን የዘይኑ የዶርም ጓደኛ ገብረአማኑኤል ነው፤ የአንኮበር ቄስ ልጅ፣ ረጅም፣ ቀልደኛ። ያን ዕለት ግን ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ ነበር። ለአባቴ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና ዶርማቸውን አሳየን። ስምንት የብረት አልጋ፤ ሁሉም ላይ የሣር ፍራሽ ብቻ። ብርድ ልብስ የሚባል ነገር የለም። ልጆቹ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ካፖርት የሌላቸው ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚያድሩት። የዘይኑ አልጋ ከደወሉ ርቆ ጥግ ላይ ነው፤ ገብረአማኑኤል ነው የራሱን ቦታ የለቀቀለት። ደወል ሊደወል ሲል አልጋውን በጣቱ መታ መታ ያደርግለታል፣ ዘይኑም እኔ የሠራሁለትን የሱፍ ቆብ ጆሮው ላይ ይስባል። ዘይኑ አልጋው ላይ ተቀምጦ በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ እግሩን እያወዛወዘ ነበር። አባታችንን ሲያይ አልተነሣም። «ሦስት ሰዓት ላይ ትደርሳለህ ብዬ ነበር፣ ዘገየህ» አለው። አባቴ ለመሳም እጁን ዘርግቶ ኖሮ፣ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ጫማህስ?» አልኩት።

«ሰጠሁ» አለኝ።

ያኔ ገብረአማኑኤል ነገሩን ከሥሩ ነገረን። አምና ዘይኑ እንደገባ ገብረአማኑኤል ከቤቱ የመጣለትን በሶ በጥብጦ «እንብላ» ይለዋል፤ ዘይኑ ተቀምጦ ጥርግ። በነጋታውም እንደዚያው። ሦስተኛው ቀን ሻይ ሊጠጣ እንደመጣ እንግዳ መናኸሪያ መጥቶ፣ «እትዬ ነሲባ፣ ወንድምሽ ስንቄን ጨረሰው» አለኝ። «እንብላ ብለኸዋል?» ብለው፣ «ታዲያ ምን ልበለው፣ ሰው አይደለሁ?» አለ። በሳቅ ሞትን። እሱ ግን ስቆ አልተወውም፤ መላ አበጀ። ከዚያ ወዲያ «እንብላ» ካለ በኋላ «የወግ ነው» ወይም «የምር ነው» ይለዋል። የወግ ከሆነ ዘይኑ «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ይቀመጣል፤ የምር ከሆነ ይበላል። ዶርሙ በሙሉ ለመደው። ጠብ የሚያነሣው ሁሉ እየቀረ ሄደ። እንዲያውም እርስ በርሳቸውም ይባባሉበት ጀመር፤ አንዱ «ይቅርታ አድርጌልሃለሁ» ሲል ሌላው «የምር ነው የወግ?» ይለዋል። ዘይኑም ግራ ሲገባው ራሱ መጠየቅን ተማረ። ወንድሜ በዕድሜው ሙሉ ያላገኘውን መንገድ አገኘ፤ አላህ ይስጠው የቄሱን ልጅ።

ያ መንገድ ነው እንግዲህ ጉድ ያፈላው። ባለፈው ሳምንት የግቢው የፓርቲ ተጠሪ ጓድ ብርሃነ መስቀል ተማሪውን ሰብስቦ ስለ ጦርነቱ ይናገራል። ወታደሩ በምሽግ ውስጥ በብርድ እያለቀ ነው፤ ጫማ ያለው ጫማውን፣ ብርድ ልብስ ያለው ብርድ ልብሱን፤ ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር! ጭብጨባ። መፈክር። ግራ እጅ ወደ ላይ። ጭብጨባው ሲያበቃ ዘይኑ ብድግ ይልና፣ «ጓድ፣ የምር ነው ወይስ የወግ?» ይላል። ገብረአማኑኤል ሲነግረን እንኳ ወደ በሩ ዞር ዞር ይል ነበር። አዳራሹ ውኃ የፈሰሰበት እሳት ሆነ። ተጠሪው ምን ይበል? የወግ ነው ይበል? «የምር ነው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ፤ «በአብዮት የወግ የለም!» ዘይኑም «ገባኝ» ብሎ ተቀመጠ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ክፍል ሲገባ እሱ የምግብ ቤቱን የእጅ ጋሪ ይዞ፣ መጀመሪያ የራሱን ብርድ ልብስና ጫማ፣ ቀጥሎ የዶርሙን ሁሉ እጥፍ እጥፍ አድርጎ ጫነ። ሲያልፍ የአዳራሹ በር ክፍት ነበር፤ ማንጠልጠያው ላይ አንድ ረጅም የሱፍ ካፖርት አየ። እሱንም ጨመረ። ከተማ ውስጥ ለግንባር የሚሰበሰብበት መጋዘን ወስዶ አስረከበ። ተረካቢዎቹ አመስግነው ሸኙት። ካፖርቱ የጓድ ብርሃነ መስቀል ነበር።

«ወይ ጣጣ!» አልኩ። ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። አባቴ የዘይኑን ነጠላ ጫማ ያያል።

አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀን። ግድግዳው ላይ ሦስቱ ጢማም ፈረንጆች ተሰቅለዋል። ጓድ ብርሃነ መስቀል በስስ ጃኬት ተቀምጦ እጁን ያፋትጋል። ክፉ ሰው አይመስልም፤ የደከመው ሰው ይመስላል፣ እሱ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። የደከመው ሰው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። «ጓዶች፣ ጉዳዩ አጭር ነው» ብሎ ጀመረ፤ «ይህ ተማሪ የመንግሥትና የግለሰብ ንብረት ያለ ፈቃድ አንሥቷል። ይህ በቀላል አማርኛ ሌብነት ነው።» ዘይኑ ጣራውን እያየ፣ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘ፣ «ሌባ ለራሱ ነው የሚወስድ» አለ። «እኔ ለራሴ ምን ወሰድኩ? የራሴንም ሰጥቻለሁ። እግሬን ይበርደኛል።» ከኋላ አንዱ ሳቅ አመለጠውና በሳል ሸፈነው።

ገብረአማኑኤል ሳይጠሩት ተነሣ። ቁጭ በል ቢሉትም አልተቀመጠም። የምርና የወግ የሚለውን ያስለመደው እሱ መሆኑን፣ ጥፋት ካለ የእሱ እንደሆነ ተናገረ። «ብርዱ እኔንም ገርፎኛል። ግን ጓድ፣ እርስዎ የምር ነው አሉት። የሰማውን አደረገ። እኛ ሰምተን አጨበጨብን እንጂ አንዲት ካልሲ ያወጣ የለም» አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ይህን ካለ በኋላ ምን እንዳለ ገባውና ፊቱ ነጣ። አሁን ተጠሪው አጣብቂኝ ውስጥ ገባ። ሌባ ነው ካለ፣ መፈክሩን የፈጸመውን ሌባ ማለቱ ነው። የወግ ነበር ካለ ደግሞ ራሱ አለቀለት። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ሁሉም ጫማውን ያያል። ጓድ ብርሃነ መስቀል ግን መውጫ አገኘ። ድምፁን አለሰለሰ።

«መልካም። ሁሉም ነገር ማለት ሁሉም ነገር ነው ብለህ ካመንክ፣ አንተስ? ወጣት ነህ፤ ጤነኛ ነህ። ራስህንስ ለምን አላስረከብክም? ነገ ጠዋት የሚነሣ መኪና አለ።»

አባቴ ከጎኔ ተነሣ። ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው እንዴት እንደዚያ ፈጥኖ እንደተነሣ አላውቅም። እኔ የቡልኮውን ጫፍ ጨበጥኩ። ዘይኑ «እሺ» ቢል አለቀ፤ ዘይኑ ደግሞ እሺ የሚል ልጅ ነው። መወዛወዙን አቆመ። ያሰበበት ጊዜ ለእኔ አንድ ክረምት ነበር።

«ነገር ነው የተባለው» አለ። «ብርድ ልብስ ነገር ነው። ጫማ ነገር ነው። ካፖርትም ነገር ነው። እኔ ነገር አይደለሁም፤ ሰው ነኝ። ሰው አልተባለም።»

ያ አዳራሽ ውስጥ ወንድሙ ወይ የአክስቱ ልጅ ሰሜን ያልሄደበት ማን ነበር? ከበሩ አጠገብ የቆመች የወጥ ቤት ሠራተኛ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች። ልጁ እኮ ማንንም ሊነካ ብሎ አይደለም፤ የተባለውንና ያልተባለውን ለየ፣ በቃ። ጓድ ብርሃነ መስቀል ቀና ብሎ ዘይኑን አየው፤ ዘይኑ ጣራውን ያያል። «ሰው አልተባለም» አለ ተጠሪው፣ ለራሱ ይመስላል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ድምፁን ወደ ስብሰባ ድምፅ መለሰና፣ የዶርሙ ተማሪዎች በሙሉ ፈቃዳቸው ብርድ ልብሳቸውን ለግንባር በመለገሳቸው ምስጋና እንደሚገባቸው፣ የግቢው ተጠሪም ካፖርቱን በመስጠት አርአያ እንደሆነ፣ ተማሪ ዘይኑልአቢዲን ትምህርቱን እንደሚቀጥል ተናገረ። ጭብጨባው ጣራውን አነቃነቀው። ዘይኑ ቆቡን ጆሮው ላይ ሳበ። ገብረአማኑኤል ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ፣ «ይህንንስ የምር ነው እንበል የወግ?» አለኝ። አንተ የቄስ ልጅ፣ ዝም በል አልኩት።

ዶርም ተመልሰን ብርቱካኑን ለልጆቹ አከፋፈልን። አባቴ ጥግ ያለውን አልጋ፣ የሣር ፍራሹን፣ በመስኮቱ ስንጥቅ የተወሸቀውን ጨርቅ አንድ በአንድ አየ። ቡልኮውን ከትከሻው አወረደና ገብረአማኑኤል እጅ ላይ አኖረው። ልጁ ደንግጦ፣ «ኧረ ይተዉ አባባ፣ እርስዎስ በምን ይሄዳሉ? ኧረ በማርያም!» ይላል። አባቴ፣ «ያዝ፣ ለሁለታችሁ ይበቃል» ይላል። «አይሆንም አባባ።» «ያዝ ብያለሁ።» ዘይኑ አንዴ ወደ አንዱ አንዴ ወደ ሌላው ዞረና፣ «ገብሬ፣ አይሆንም ያልከው የወግ ነው» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁ ቡልኮውን ያዘ። አባቴ እንደመውጣት ብሎ በሩ ላይ ቆመና፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ልጁ ይቆይ» አለ። እኔ ግን አላመንኩትም። አባቴ በሰው ፊት ደግ መናገር ያውቅበታል፤ ሽማግሌ መንገድ ላይ ሐሳቡን ሲለውጥ ብዙ አይቻለሁ፤ በሳምንቱ ልጁን አምጡልኝ ብሎ ሰው ቢልክስ?

ወደ ማታ ግድም ለአንኮበር መኪና መናኸሪያ ሸኘነው። ዘይኑ በነጠላ ጫማው ከኋላችን ይከተላል። አባቴ ሊስመው አልሞከረም፤ እጁን ኪሱ ከተተ። «ለዒድ ና» አለው። «የምር ነው የወግ?» አለው ዘይኑ። አባቴ እርዳኝ እንደሚል ሰው ወደ እኔ ዞረ። አልረዳሁትም። ደጋግሞ ምራቁን ዋጠና፣ «የምር ነው» አለ። ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ የሌላ ሰው ጥርስ የሰካ ይመስል ነበር። ዘይኑ፣ «እንግዲያው እመጣለሁ» ብሎ የመኪናውን ጎማ ማየት ጀመረ። አባቴ መኪናው ላይ ወጥቶ ከእህሉ ጆንያ ላይ ያለ ቡልኮው ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። እኔም ሰላምታዬን አዘጋጀሁ፤ በሰላም ግባ፣ ለቤተሰቡ ሰላም በል፣ የተለመደውን። መኪናው ሲንቀሳቀስ አንገቱን አስግጎ፣ ገበያተኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኸ።

«ነሲባ! የጠዋቱን ሻይ ጣፋጭ ነው ያልኩሽ የወግ ነው፤ ስኳር አልነበረውም! ልጁ ይቆይ ያልኩት ግን የምር ነው!»

ሴቶች ሳቁ። እኔ መናኸሪያው መሐል፣ ፔርሙዜን ታቅፌ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዘይኑ ቆቡን ከጆሮው ከፍ አደረገና፣ «ስኳር ነገ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚሸጠው፤ ቀበሌው ሱቅ በር ላይ ተለጥፏል» አለኝ።